ከገና እስከ መኸር፦ የቤተሰብ ቁጠባ በላስታ

በላሊበላና በዙሪያዋ ባሉ የላስታ ቀበሌዎች ገቢ በየወሩ እኩል አይገባም። ገበሬው ገንዘብ የሚያየው እህል ከአውድማ በሚገባበት ከኅዳር እስከ ጥር ባለው ጊዜ ነው። የከተማው አስጎብኚ፣ በቅሎ አከራይ፣ የሆቴል ሠራተኛና ጠላ ሻጭ ደግሞ ገቢያቸው የሚደረጀው ገናና ጥምቀት ምእመኑንና እንግዳውን ሲያመጡ ነው። ከዚያ በኋላ ያለው ጊዜ፣ በተለይም ከሰኔ እስከ መስከረም፣ ወጪው በዝቶ ገቢው የሚደርቅበት ነው። ስለዚህ እዚህ አገር መቆጠብ ማለት ከወር ደመወዝ ላይ ጥቂት መቀነስ ሳይሆን የሁለት ሦስት ወር ገቢ ዓመቱን እንዲያዳርስ ማድረግ ነው።

ያለፉት ዓመታት ይህን ሥራ እጅግ አክብደውታል። በመጋቢት 2012 ዓ.ም. ኮሮና የእንግዳውን መንገድ ዘጋ። ከ2013 ክረምት እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ከተማዋ በሰሜኑ ጦርነት ከእጅ ወደ እጅ ስትዘዋወር ባንክ፣ ስልክና መብራት ጠፉ፤ ሂሳብ ደብተሩ ላይ ገንዘብ ያለው ሰው አንድ ብር ማውጣት ሳይችል ወራት አለፉ። ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ በአማራ ክልል የቀጠለው ግጭት እንግዳውን መልሶ አራቀው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ፤ ዘይት፣ ሳሙናና መድኃኒትም ተከትለው ወጡ። ገቢው ሲቀር፣ ዋጋው ሲወጣና ባንኩ ሲዘጋ ቤተሰብን የሚጎዳው በተለያየ መንገድ ስለሆነ፣ ቁጠባም በአንድ ቦታ ብቻ መቀመጥ የለበትም። ከዚህ በታች ያለው ቅደም ተከተል በዚህ ሐሳብ ላይ የቆመ ነው።

ወሩን መቁጠር

የመጀመሪያው ሥራ ሒሳብ ነው፤ አባወራውና እማወራዋ አብረው ተቀምጠው የሚሠሩት ሒሳብ። አንዱ ብቻ የሚያውቀው ቁጠባ ያ ሰው ሲታመም ወይም መንገድ ላይ ሲቀር አብሮት ይጠፋል። በአንድ ደብተር ላይ ሁለት ነገር ይጻፋል፦ ባለፈው ዓመት ገንዘብና እህል የገባባቸው ወሮች፣ እንዲሁም ቤቱ ያለምንም ገቢ ያሳለፋቸው ወሮች። ልጆች ትምህርት ቤት ሲጀምሩ የሚወጣው የመስከረም ወጪ፣ የማዳበሪያው ክፍያ፣ የፋሲካ ዶሮና በግ፣ የእድር መዋጮ ሁሉም በየወራቸው ይገባሉ።

ለምሳሌ አንድ የከተማ ቤተሰብ በገናና በጥምቀት ሰሞን 36,000 ብር ቢያገኝ፣ ገንዘቡ የጥር ገንዘብ አይደለም። ከየካቲት እስከ ጥቅምት ላሉት ዘጠኝ ወሮች ሲካፈል ለወር የሚደርሰው 4,000 ብር ነው። ይህ ቁጥር ገና በጥር ሳለ ከታወቀ ልብስ፣ ስልክ ወይም ድግስ ሲታሰብ ከየትኛው ወር ላይ እንደሚቀነስ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ብዙ ቤት የሚፈርሰው በሐምሌ ረሃብ ቢመስልም ጉዳቱ የሚደርሰው በጥር ነው።

እህል ከገንዘብ ይቀድማል

የወሩ ቁጥር ከታወቀ በኋላ ሁለተኛው እርምጃ የክረምቱን ቀለብ በእህል መልክ ማስቀመጥ ነው። ዋጋ በሚንርበት ዘመን ለላስታ ቤተሰብ ከዚህ የሚሻል ቁጠባ የለም። በጥር የተገዛ ገብስ በሐምሌ ያው ገብስ ነው፤ በጥር የተቀመጠ ብር ግን በሐምሌ ያንኑ ያህል ገብስ አይገዛም። እህል ባንክ ሲዘጋም ይበላል።

መጠኑን ለማወቅ የሴፍቲኔት ፕሮግራም የሚጠቀምበት ልኬት ይረዳል፤ ለአንድ ሰው በወር 15 ኪሎ እህል። አምስት ሰው ላለበት ቤት ይህ በወር 75 ኪሎ ይሆናል። ሰኔን፣ ሐምሌንና ነሐሴን ለመሻገር 2 ኩንታል ከ25 ኪሎ፣ መስከረም ሲጨመር ደግሞ ሦስት ኩንታል ያስፈልጋል። ሕፃናት ያሉበት ቤት በጥቂቱ ሊቀንስ ይችላል፤ በቀን ሥራ ላይ የሚውሉ ጎልማሶች ያሉበት ግን መቀነስ የለበትም። ሦስት ኩንታል በአንድ ጊዜ መግዛት ለማይችል ቤት ከታኅሣሥ እስከ የካቲት በየቅዳሜው ገበያ 25 ኪሎ መግዛት ያንኑ ያህል ያደርሳል፤ 12 ቅዳሜ ሲቆጠር ሦስት ኩንታል ሞላ።

ገበሬው ቤት ያለው ወጥመድ ከዚህ ይለያል። በመኸር እዳ ስለሚጠይቀው እህሉን ገበያው ሞልቶ ዋጋው በወደቀበት ሰሞን ይሸጥና በክረምት ያንኑ እህል በውድ ይገዛል። ከዚህ ለመውጣት የመኸሩ እዳ ከእህል ውጭ በሆነ ነገር እንዲከፈል አስቀድሞ ማሰብ ያስፈልጋል። ላስታ የማር አገር ነው፤ ከክረምት በኋላ የሚቆረጠው ማር ለገና ጠጅ ተፈላጊ በሚሆንበት ወቅት ይደርሳል። ዶሮና እንቁላልም በገና ሰሞን ዋጋ ያወጣሉ። ከከተማው 7 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ በነአኩቶ ለአብ ዋሻ ቤተ ክርስቲያን አካባቢ ያለ ገበሬ ለትራንስፖርት ሳይከፍል በእግሩ ቅዳሜ ገበያ ደርሶ ስለሚመለስ እንዲህ ያለውን ሽያጭ በጥቂት በጥቂቱ መከፋፈል ይችላል። ከሩቅ የሚመጣው ግን የመጓጓዣው ወጪ ትርፉን እንዳይበላው ከጎረቤት ጋር አንድ ጭነት ማዋጣት ይሻለዋል።

የተቀመጠ እህል ነቀዝ ከበላው ቁጠባው ለነቀዝ ሆነ ማለት ነው። እህሉ ጎተራ ከመግባቱ በፊት በደንብ መድረቅ አለበት። መድረቁን ለመፈተን በደረቅ የመስታወት ጠርሙስ ውስጥ እህልና ደረቅ ጨው ተጨምሮ ለጥቂት ደቂቃዎች ይናጣል፤ ጨው በጠርሙሱ ግድግዳ ላይ ከተጣበቀ እህሉ ገና እርጥብ ነው፤ ዳግመኛ ፀሐይ ይመታዋል። ጤፍ በደቃቅነቱ ነቀዝ ብዙ አይደፍረውም፤ ገብስ፣ ስንዴ፣ በቆሎና ባቄላ ግን ጥበቃ ይሻሉ። ለእነዚህ ፒክስ የሚባለው ሁለት የላስቲክ ሽፋን ከውስጥ፣ አንድ ማዳበሪያ ከውጭ ያለው ከረጢት ጥሩ ነው። አየር ሳይቀር ጥብቅ ተደርጎ ከታሰረና ለሳምንታት ካልተከፈተ ነቀዙ አየር አጥቶ ይሞታል። በየቀኑ የሚከፈት ከረጢት ግን ከተራ ማዳበሪያ አይሻልም፤ ስለዚህ የወሩ ቀለብ ለብቻው ይወጣና የቀረው ታስሮ ይቆያል። የነቀዝ ክኒን ሰው በሚተኛበት ቤት ፈጽሞ መግባት የለበትም፤ የሚያወጣው ጋዝ ሰው ይገድላል።

ወጥ ቤቱ

ከምግብ ላይ የሚቆጠበው በመራብ አይደለም። በችርቻሮ መግዛትን በማስቀረት ነው። ከጉልት በብርጭቆ የሚገዛ ዘይት፣ በማንኪያ የሚሰፈር በርበሬና በትንሽ ፌስታል የሚሸጥ ስኳር ሲደመሩ በጅምላ ከሚገዛው ይበልጥ ያስወጣሉ። አምስት ሊትር ዘይት አንድ ቤት ካልቻለው ሦስት ጎረቤት ያዋጣና ይካፈላል። የሸማቾች ኅብረት ሥራ ማኅበር ባለበት ቀበሌ ዘይትና ስኳር ሲመጣ ተራ መያዝ የሰዓታት ድካም ቢሆንም ዋጋው ልዩነት አለው። ሽሮና በርበሬ ቤት ውስጥ ተዘጋጅቶ ሲፈጭ ርካሽ ብቻ ሳይሆን ባዕድ ነገር ያልተቀላቀለበት ለመሆኑም ዋስትና ነው። ጤፍ ሲወደድ ከገብስ ወይም ከቆላው ማሽላ ጋር ተደባልቆ መጋገሩ የላስታ ባልትና ስለሆነ አዲስ ትምህርት አያሻውም።

ጾምም በወጪ ላይ ይታያል። በሁዳዴ ቅቤ፣ እንቁላልና በግ ፈላጊያቸው ስለሚያንስ ዋጋቸው ይረግባል፤ ወደ ፋሲካ ሲቃረብ ይወጣል። ቅቤውን በጾሙ መካከል ገዝቶ ማንጠርና ማስቀመጥ፣ በጉንም በዚያው ጊዜ ገዝቶ ማሰር ለበዓሉ የሚወጣውን ገንዘብ ይቀንሳል።

እዚህ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ የግድ ነው። በችግር ዘመን ጓያ ርካሽ ስለሚሆን ብዙ ቤት ዋና ምግቡ ያደርገዋል። ጓያ ለወራት ዋና ቀለብ ከሆነ እግርን ሽባ ያደርጋል፤ በሽታው ከመጣ በኋላ መድኃኒት የለውም። በጎረቤት ደላንታና ዳውንት በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. ሁለተኛ አጋማሽ ድርቅን ተከትሎ ብዙ ሰው፣ በአብዛኛው ወጣት ወንዶች፣ በዚህ መልክ እግራቸውን አጥተዋል። ጓያ መብላት ግድ ከሆነ ከሌላ እህል ጋር ይደባለቃል፣ አንድ ሌሊት ተዘፍዝፎ ውሃው ይደፋል። ይበልጥ አደገኛ ሆነው የተገኙት ቆሎው፣ ንፍሮውና በእሸትነቱ የሚበላው ናቸው። ጥቂት ብር ለመቆጠብ ተብሎ የሚገባበት ነገር አይደለም።

የሚቀነስ ሲፈለግ መጨረሻ ላይ መነካት ያለባቸው የነፍሰ ጡርና የምታጠባ እናት ምግብ፣ የሕፃን አጥሚት፣ አዮዲን ያለው ጨውና የታዘዘ መድኃኒት ናቸው። ቡና ሦስት ጊዜ መፈላቱ ወደ አንድ ቢወርድ፣ ስኳሩም ቢቀር ማንም አይጎዳም።

ማገዶ ሌላው የተደበቀ ወጪ ነው። በሦስት ጉልቻ ላይ እንጀራ ሲጋገር አብዛኛው ሙቀት በጎን ይበተናል። ምርጥ ምድጃ የሚባለው ከሲሚንቶና ከአሸዋ የሚሠራው የእንጀራ ምድጃ ማገዶውን ወደ ግማሽ ሊያወርደው ይችላል። ለከሰል ላቀች የሚባለው ምድጃ ከቆርቆሮው ይሻላል። ባህር ዛፍ በሸክም የሚገዛ ቤት የምድጃውን ዋጋ በራሱ ስሌት ማመዛዘን ይችላል፤ በሳምንት ሁለት ሸክም የሚፈጀው ቤት ወደ አንድ ሲወርድ በወር ያተረፈው አራት ሸክም ነው። እንጀራን በየሁለት ቀኑ ከመጋገር በሳምንት ሁለት ጊዜ በርከት አድርጎ መጋገርም ምጣዱን ደጋግሞ ለማሞቅ የሚወጣውን እንጨት ያስቀራል። የተረፈው ይደርቅና ድርቆሽ ሆኖ ለክረምት ይቀመጣል።

ጥሬ ገንዘብ የት ይቀመጥ

እህሉ ከገባ በኋላ የሚተርፈው ብር ሦስት ቦታ ይከፈላል። ጥቂቱ ቤት ውስጥ፣ የሁለት ሳምንት ወጪን የሚሸፍን ያህል ብቻ ይቀመጣል፤ በጦርነቱ ወቅት የታየው ባንክና ኔትወርክ አብረው ሊጠፉ እንደሚችሉ ነው። በ2013 ዓ.ም. የተጀመረው ቴሌብርም ኔትወርክ ከሌለ አይሠራም። ከዚያ በላይ ያለው ቤት ውስጥ ከቆየ ለሌባ፣ ለእሳትና ለብድር ጠያቂ ዘመድ ይዳረጋል።

ሁለተኛው ክፍል ባንክ ይገባል። አብቁተ ይባል የነበረው የዛሬው ጸደይ ባንክ፣ ንግድ ባንክ ወይም የገጠር ቁጠባና ብድር ኅብረት ሥራ ማኅበር ለዚህ ይሆናሉ። የባንክ ቁጠባ ጥቅሙ ደኅንነትና የብድር ታሪክ መገንባት ነው፤ ብር ያሳድጋል ተብሎ ሊታሰብ አይገባም። ብሔራዊ ባንክ ከጥቅምት 2010 ዓ.ም. ጀምሮ የቁጠባ ወለድ ከ7 በመቶ እንዳያንስ ወስኗል። በ2014 ዓ.ም. የዋጋ ንረቱ ከ30 በመቶ በላይ ነበር። በዚያ ዓመት 10,000 ብር ያስቀመጠ ሰው በዓመቱ 10,700 ብር አገኘ፤ ቀድሞ በ10,000 ብር የሚገዛው ነገር ግን 13,000 ብር ደርሶ ነበር። ስለዚህ ባንክ የሚገባው በዓመቱ ውስጥ የሚፈለግ ገንዘብ ነው፤ የማዳበሪያው፣ የመድኃኒቱ፣ የመስከረሙ። ከዓመት በላይ የሚቆየው በሌላ መልክ፣ በበግ፣ በቆርቆሮ ወይም በሥራ መሣሪያ ቢሆን ይሻላል።

ሦስተኛው ክፍል እቁብ ነው። ባንክ የማይደርሰው ሰው ዘንድ ይደርሳል፤ ከሁሉም በላይ የተጣለ እቁብ እንደ እዳ ስለሚቆጠር ሰው አይረሳውም። ግን ዋጋ በሚወጣበት ዘመን እቁብ ሁሉንም እኩል አይጠቅምም። 12 ሰው በየወሩ 1,000 ብር ቢጥል፣ መጀመሪያ የደረሰው 12,000 ብር ያለወለድ የተበደረ ያህል ነው፤ በመጨረሻ የደረሰው ግን 12,000 ብር ሲቀበል በዚያ ገንዘብ የሚገዛው በግ ዓመት ሙሉ ሲወደድ ቆይቷል። መፍትሔው ዙሩን ማሳጠር ነው፤ በየሳምንቱ የሚጣል የ12 ሰው እቁብ በሦስት ወር ያልቃል። ሌላው የእጣውን ቀን ከእህል ግዢ ጋር ማገናኘት ነው፤ የእቁቡ ዙር በታኅሣሥ ተጀምሮ በየካቲት ቢያልቅ ሁሉም የደረሰውን ይዞ እህሉ ሳይወደድ ገበያ ይገባል። ዳኛውና ጸሐፊው ተለይተው መታወቅ፣ ገንዘብ የሚወስድ ሁሉ ዋስ መጥራት፣ መዋጮውም በደብተር መፈረም አለበት። በዘመድነት የታለፈ ፊርማ ዘመድን የሚያጣላ ነው።

እዳ

ቁጠባ የጀመረ ቤት እዳ ካለበት መጀመሪያ እዳውን ይመለከታል። አራጣ ካለ ቁጠባው ሁሉ ወደዚያ ይሂድ። በወር 10 በመቶ የሚከፈልበት 5,000 ብር በዓመት 6,000 ብር ወለድ ብቻ ይጠይቃል፤ ዋናው እንዳለ ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ተዋዋዮች የሚስማሙበትን ወለድ በዓመት በ12 በመቶ ይገድባል፣ አራጣም በወንጀል ሕጉ ያስጠይቃል። ይህን ማወቅ ባለእዳው ከሽማግሌ ፊት ሲቀመጥ ያግዘዋል። ለማረስና ለመነገድ ከጸደይ ባንክ ወይም ከኅብረት ሥራ ማኅበር የሚወሰድ ብድር ጥቅም ሊኖረው ይችላል፤ ለሠርግ የተወሰደ ብድር ግን የሚከፍለው የሚቀጥለው መኸር ነው።

ከዓረብ አገር ወይም ከአዲስ አበባ ልጅ የሚልክለት ቤትም ያው ቅደም ተከተል ይሠራለታል፦ መጀመሪያ አራጣውን መዝጋት፣ ቀጥሎ የክረምቱን እህል መሙላት፣ ከዚያ የሚተርፈውን በላኪው ስም ማስቀመጥ። ያች ልጅ ወይም ያ ልጅ ተመልሶ ሲመጣ የሚያገኘው ነገር መኖር አለበት።

ድግስና እድር

ተዝካርና ሠርግ በላስታ የቤተሰብን ጥሪት በአንድ ቀን የሚያሟጥጡ ወጪዎች ናቸው። ስለ ሙት የሚደረገው ጸሎትና ለመንደሩ የሚዘረጋው ድግስ ግን ሁለት ነገሮች ናቸው። ፍታቱና ጸሎተ ምሕረቱ ሳይጓደል ድግሱ ለካህናትና ለነዳያን ብቻ ቢሆን ሟች አይበደልም። አንድ ቤት ብቻውን ይህን ሲያደርግ ሐሜት ይገጥመዋልና ውሳኔው በእድር ወይም በሰንበቴ ማኅበር ቢጸና ይሻላል፤ ድግስ ከዚህ በላይ አይበልጥም የሚል ደንብ ሲወጣ ድሃውም ሀብታሙም አብረው ያርፋሉ። የእድር መዋጮን በክፉ ዘመን መጀመሪያ የሚቋረጥ አድርጎ የሚያስብ ሰው ይሳሳታል። ያ ጥቂት ብር ሞት ሲመጣ በሬ ከመሸጥ ያድናል።

የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድንም እንዲሁ ነው። ዓመታዊ መዋጮው ቤተሰቡ ጤና ጣቢያም ሆስፒታልም ሲሄድ የሕክምና ወጪውን ይሸፍናል። ምዝገባና እድሳት የሚደረገው በተወሰነ ወቅት ስለሆነ ቀኑን ከቀበሌው ጠይቆ በደብተሩ ላይ መጻፍና ገንዘቡን ከመኸሩ ገቢ ለይቶ ማስቀመጥ ያስፈልጋል።

ሲጠብ ምን ይሸጣል

ይህ ሁሉ ተደርጎም የሚከፋ ዓመት ይመጣል። ያን ጊዜ የሚሸጠው በቅደም ተከተል ነው። መጀመሪያ ዶሮ፣ ቀጥሎ ወጠጤ ፍየልና ሙክት በግ፣ ከዚያ ወይፈን። ሽያጩ ከመቸገር በፊት ይደረጋል፤ ዝናብ በሐምሌ ሲዘገይ ወይም የእንግዳው ነገር በጥቅምት እንዳልቀና ሲታይ። ሁሉም ሰው ከብቱን ይዞ ገበያ የሚወጣበት ሳምንት ሲደርስ የከብት ዋጋ ወድቆ የእህል ዋጋ ይንራል፤ አንድ በግ ከወትሮው እጅግ ያነሰ እህል የሚገዛበት ያ ሳምንት ነው።

የማይሸጡት ሦስት ናቸው፦ የዘር እህል፣ ጥማድ በሬና የምትወልድ ላም። ዘሩ በተለየ ከረጢት ታስሮ፣ ከቀለቡ ተለይቶ፣ ከተቻለ በሌላ ቤት ይቀመጣል፤ በረሃብ ጊዜ ዓይን ያየውን እጅ ይወስዳልና። በከተማ ላለ ቤት ደግሞ የዘር ቦታ የሚይዘው የሥራው መሣሪያ ነው፤ የአናጢው መጋዝ፣ የሸማኔው ዕቃ፣ የልብስ ሰፊዋ መኪና፣ የበቅሎ አከራዩ በቅሎ። እነዚህ ከእጅ ከወጡ ጥሩው ጊዜ ሲመለስ ቤተሰቡ ባዶ እጁን ይጠብቀዋል። ክፉው ዓመት አልፎ መኸር ሲገባ የመጀመሪያው እህል የሚሞላው የተነካውን የክረምት ጎተራ ነው፤ ከዚያ በፊት ሌላ ግዢ አይገባም።